የምስጋና መልእክት፦ ደመወዛችሁን ላልደበቃችሁን ሁሉ

የተከበራችሁ የባሕር ዳር ነዋሪዎች፣ እኛ ተማሪዎች ስለ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል፣ ማለትም አሠሪ ከዚያ በታች እንዳይከፍል በሕግ ስለሚቆረጠው ደመወዝ፣ ያዘጋጀነው የጥናትና የሥዕል ዐውደ ርእይ በሰላም ተጠናቋል። እግዚአብሔር ይመስገን።

ምስጋናችን በቅድሚያ ለሠራተኞቹ ነው። ሰው ደመወዙን ለጎረቤቱ እንኳ አይናገርም፤ እናንተ ግን ደብተር ይዘን ለመጣን ልጆች ነገራችሁን። ጣና ዳር ካለ ምግብ ቤት ዕቃ የምታጥቢው እህታችን፣ በዕረፍት ሰዓትሽ እጅሽን በሽርጥሽ አድርቀሽ የቤት ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ የልጅ ደብተር፣ ዕቁብ እያልሽ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፍሽልን። ዕቁቡ ጋ ሳትደርሺ ደመወዙ አለቀ። «ታዲያ ዕቁቡን ከየት ትጥያለሽ?» ስንልሽ «ማታ ማታ ለሰው እንጀራ እጋግራለሁ» አልሽን። ካርቶኑን እንዳለ ሰቀልነው። ከሥዕሎቻችን ሁሉ ይልቅ ሰው ቆሞ ያነበበው እሱን ነው።

ታንኳ ሠሪው አባታችን፣ ደንገል እንዴት እንደሚደርቅና እንደሚታሰር አሳዩን። የእያንዳንዱን ሰው ደመወዝ በአንድ የደንገል እስር፣ የቤት ኪራዩን በሌላ እስር ለክተን ጎን ለጎን ያቆምነው በእርስዎ ትምህርት ነው። ስለ ድካም ዋጋ እያጠናን ድካምዎን በነፃ መውሰድ ከብዶን ነበርና፣ ከብዙ ልመና በኋላ የቀን አበልዎን ስለተቀበሉን ደግመን እናመሰግናለን።

አሠሪዎችም በራችሁን አልዘጋችሁብንም። የአነስተኛው ሆቴል ባለቤት እናታችን፣ የሒሳብ መዝገብዎን ገልጠው «እንግዳ በጠፋበት ጊዜ ወለል ቢቆረጥብኝ ሠራተኛ መቀነሴ አይቀርም» አሉን። ይህን መልእክት የጻፍኩት ተማሪ እኔ በበኩሌ አሁንም አልስማማም፤ በመጀመሪያ የሚቀነሰው የሠራተኛ እንጀራ መሆን የለበትም። ግን ክርክሩ የአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን ያደረጉልን እርስዎ ነዎት።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፤ ለግሉ ዘርፍ ግን እስከዛሬ የተቆረጠ ወለል የለም። ይህን አንቀጽ በአንቀጽ ያስረዱን የሕግ ባለሙያ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን በአዋጁ እንደማይሸፈኑ ሲነግሩን ብዙዎቻችን ደነገጥን። ቀጣዩ ጥናታችን በእነሱ ላይ ይሆናል።

ወላጆቻችን፣ መምህራኖቻችን፣ አዳራሹን ያለ ክፍያ የሰጣችሁን፣ እያመሸን ያስቸገርናችሁ ጥበቃዎች፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። ምስላችሁ የተሣለ ሁሉ ሥዕሉ የእናንተ ነው፤ ትምህርት ቤታችን መጥታችሁ ውሰዱ።

የዐውደ ርእዩ አዘጋጅ ተማሪዎች
ባሕር ዳር፣ ግንቦት 2014 ዓ.ም.