የቅዳሜው ፊልም፦ «ፑራና ማንዲር» ወይስ «ራት»?

ውድ አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት በተለመደው አዳራሽ የሂንዲ አስፈሪ ፊልም እናያለን። ከሁለቱ አንዱን እስከ ሐሙስ ማታ ምረጡ።

1. «ፑራና ማንዲር» (እ.ኤ.አ. 1984)፣ የራምሴ ወንድማማቾች ሥራ። ሰባቱ ወንድማማቾች ሙያውን ቤት ውስጥ ተከፋፍለውት ነበር፤ ቱልሲና ሺያም ያዘጋጃሉ፣ ኩማር ይጽፋል፣ ጋንጉ ይቀርጻል፣ ኪራን ድምፁን ይይዛል። ሳምሪ የተባለውን ጭራቅ የተጫወተው አጃይ አጋርዋል የተማረው ሲቪል ምህንድስና ነው። በረጅም ቁመቱና ለየት ባለ ፊቱ እ.ኤ.አ. በ1990 «ባንድ ዳርዋዛ» ላይም ጭራቅ ሆኖ ተመልሷል።

2. የአዘጋጁ የራም ጎፓል ቫርማ «ራት» (እ.ኤ.አ. 1992)፣ ዋና ተዋናይቷ ሬቫቲ። እዚህ ፍርሃቱ የሚመጣው ከካሜራው እንቅስቃሴና ከድምፁ ነው።

እኔ 1ን እመርጣለሁ፤ ቫርማ ምን እንደለወጠ የሚገባን ራምሴዎችን ካየን በኋላ ነው።

ሁለቱም ከ2 ሰዓት በላይ ስለሚፈጁ መሀል ላይ እረፍት ይኖራል። የሌሊት ትዕይንት ስለሚበዛባቸው ከመስኮት ትንሽ ብርሃን ከገባ ስክሪኑ ላይ ምንም አይለይም፤ ስለዚህ ሁለት ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ያስፈልገናል። ላፕቶፕ የምታመጡ የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ቀድማችሁ ፈትሹ። ትዕይንት የተቆረጠበት ቅጂ ከሆነ መጀመሪያው ልክ ይመስልና ከተቆረጠው ቦታ በኋላ ጽሑፉና ንግግሩ ይለያያሉ፤ ስለዚህ መሀሉንና መጨረሻውንም እዩ።

ልጆች ባይመጡ ይመረጣል።

«1» ወይም «2» ብላችሁ መልሱ፤ ጨርቅ ወይም ስፒከር ማምጣት የምትችሉም አብራችሁ ጻፉልን።