የሙዚቃ ማዳመጥ ክበብ፦ አንድ አልበም ከጥቅምት እስከ ግንቦት

ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ሙዚቃ አላዳመጠም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት አንድ አልበም ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር 14 ጊዜ ሰማ። ሐዘን ያዘለ ቀርፋፋ ሙዚቃ በአንድ ጊዜ አይገባም። የሚገባው ሲደጋገም ነው፤ በድግግሞሹ መሃል ደግሞ የቀናት እረፍት ያስፈልገዋል። ተማሪዎቹ ይህን ከእኛ ከመስማት ይልቅ በገዛ ጆሯቸው እንዲደርሱበት ፈለግን።

አልበሙ «አይ ኩድ ሊቭ ኢን ሆፕ» ይባላል፤ ሎው የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው የመጀመሪያ ሥራው ነው። ቡድኑ የተመሠረተው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ከሐይቅ ዳር ባለችው ብርዳማ ከተማ በዱሉዝ ነው። ጊታሩን አለን ስፓርሃውክ፣ ከበሮውን ባለቤቱ ሚሚ ፓርከር፣ ቤዙን ጆን ኒኮልስ ተጫውተውታል፤ ባልና ሚስቱ ይዘፍናሉም። ዘፈኖቹ 11 ሲሆኑ የሁሉም ርዕስ አንዳንድ ቃል ነው፤ ርዝመቱ በጠቅላላው 57 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ፈረንጆቹ ይህን ዓይነቱን ቀርፋፋ ሙዚቃ ስሎውኮር ይሉታል። ተማሪዎቹ ግን በመጀመሪያው ቀን «እንጉርጉሮ ነው» አሉ፤ ስሙ ስለተስማማው ዓመቱን ሙሉ በዚሁ ጠራነው።

አብዛኛው ድካማችን ክፍሉ ላይ ነበር። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ የራሱ የክፍሉ ማስተጋባት ዘፈኑ ውስጥ ካለው ማስተጋባት ጋር ስለሚደባለቅ የጊታሩ ድምፅ የት እንዳለቀ አይለይም። ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ሦስት ጋቢ ስንሰቅል ልዩነቱ ወዲያው ተሰማ። ሁለቱን ስፒከሮች በ2 ሜትር አራርቀን፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት አስቀመጥናቸው፤ አዳማጮቹም መሃል ላይ ተሰበሰቡ። የድምፁን መጠን የለካነው በአልበሙ በጣም ጸጥ ባለው ቦታ ነው። የከበሮ መምቻው ብሩሽ ሲምባሉን፣ ማለትም የነሐስ ሳህኑን፣ ሲነካ ኋላ ወንበር ላይ ያለው ተማሪ ከሰማ ይበቃል። ከዚያ ማዞሪያው ላይ በማርከር ምልክት አደረግንበት። ይህ ምልክት ወሳኝ ነው፦ ከፍ ብሎ የተሰማ ሙዚቃ ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል፣ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ከተለዋወጠ የጠለቀው አልበሙ ይሁን የጮኸው ስፒከሩ መለየት አይቻልም።

በስልክ የሞከሩ አባላት «ባዶ ነው» ብለው መጡ፤ እውነታቸውን ነው። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር የሚሰጠው ድምፅ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ትንሿ የስልክ ስፒከር እዚያ ድረስ አትወርድም። የዚህ አልበም ግማሽ ሐዘን ደግሞ ያለው ቤዙ ላይ ነው። ሌላው ችግር ፋይሉ ነበር። መጠኑ እንዲያንስ ተጨምቆ የተላከው ቅጂ የብሩሹን ድምፅ እንደሚንጣጣ ዘይት አደረገው፤ ብዙም ባልተጨመቀ፣ በሰከንድ 320 ኪሎቢት በሆነ ቅጂ ሲተካ ብሩሹ ብሩሽ ሆነ። መብራት ሲጠፋ በቻርጅ በሚሠራ ነጠላ ስፒከር ለመቀጠል ሞክረን ተውነው፤ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ሲሆን ድምፆቹ ይደራረባሉ። መብራት ከጠፋ ቀጠሮው ይተላለፋል። የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታም እንዲሁ።

አካሄዳችን ላይ ሁለት ስህተት ሠርተናል። በጥቅምት የክበቡ ጊዜ 40 ደቂቃ ብቻ ስለነበር አልበሙን ለሁለት ከፍለን በየሳምንቱ ግማሽ ግማሹን አሰማን። አሥር ደቂቃ የሚጠጋው ስድስተኛው ዘፈን የመደምደሚያ ያህል ተቆጠረ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያሉት አምስቱም ትርፍ መሰሉ። በኅዳር ከትምህርት በኋላ፣ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሙሉውን ማሰማት ጀመርን። ያኔ ደግሞ በየሳምንቱ መሆኑ ጎዳን፦ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ማዳመጥ ድረስ ክፍሉን መሰላቸት ያዘው። በዚህ ደረጃ ላይ ዘፈኖቹ በቃል ተይዘዋል፣ ውስጣቸው ግን ገና አልተሰማም። ብዙ አዳማጭ አልበም የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ በየ15 ቀኑ ስናደርገው መሰላቸቱ ለቀቀ። ዜማው በመሃል ትንሽ ይረሳል፤ ሲመለስ የሚታወቀውና የተረሳው አብረው ይመጣሉ። መንዙማ እየሰሙ ያደጉት ተማሪዎች ድግግሞሹን ከሌሎቹ ቀድመው ቻሉት፤ አንድ አዝማች መላልሶ ሲመጣ መጠበቅን ከቤታቸው ይዘው መጥተዋልና።

የግጥሙንም ትርጉም በመጀመሪያው ቀን ማደል አያስፈልግም ነበር። ወረቀት የያዘ ተማሪ ያነባል እንጂ አያዳምጥም። ወረቀቱን ሰብስበን ከስድስተኛው ማዳመጥ በኋላ መለስነው።

በየጊዜው እያንዳንዱ አባል ደብተሩ ላይ አዲስ የሰማውን አንድ ነገር ብቻ ይጽፋል። «ያምራል» እና «አያምርም» አይጻፉም። የመጀመሪያዎቹ ገጾች «ሁሉም ዘፈን አንድ ነው» የሚል የበዛባቸው ናቸው። በሰባተኛውና በስምንተኛው ማዳመጥ ላይ የሚስትየዋ ድምፅ ከባልየው ጋር ገጥሞ የሚገባበትን ቦታ መመዝገብ ጀመሩ። አሥረኛው ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ከበሮው የሚመታበትን ሳይሆን የማይመታበትን መጠበቅ ጀመርኩ» ብላ ጽፋለች። ከዓመቱ ማስታወሻዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ምክንያቱን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። በደቂቃ 120 ጊዜ በሚመታ ዘፈን በአንዱና በሚቀጥለው ምት መካከል ያለው ግማሽ ሰከንድ ነው፤ በደቂቃ 60 ሲሆን ሙሉ ሰከንድ ይሆናል። በዚያ ሰከንድ ውስጥ ክሩ ሲነካ፣ ሲሞላ፣ ሲከስም ይሰማል። በጥቅምት የክበቡን ክራር ወስደን አንዱን ክር አንድ ጊዜ መታን፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁ ሲጠፋበት እጁን እንዲያነሣ አደረግን። እጆቹ ወዲያው ወዲያው ተነሡ። በመጋቢት በዚያው ክራር፣ በዚያው ክር፣ በዚያው ክፍል ደገምነው። ድምፁ ከእንጨቱ ላይ እንደ እስትንፋስ እስኪቀጥን ድረስ ብዙዎቹ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር፤ መጨረሻ ላይ የተነሡት ሁለት እጆች ጸጥታው ውስጥ ገብተው የተነሡ ናቸው። ክራሩ አልተለወጠም።

ሐዘኑ ከቅኝቱ ብቻ እንዳልሆነም ፈትነናል። ሙሉ ትዝታን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን፣ ግማሽ ትዝታን ደግሞ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ አውርደን በክራር አነጻጸርን። ግማሹ እንደሚያሳዝን ሁሉም ተስማማ። ቀጥሎ አንድ የሠርግ ዜማ ቅኝቱን ሳንነካ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰን ስንጫወተው ክፍሉ ዝም አለ። የአልበሙ መዝጊያ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፦ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚዘፍኑትን የታወቀ የአሜሪካ ዘፈን አዘግይቶ፣ ግጥሙ ውስጥ ተሸፍኖ የኖረውን የማጣት ፍርሃት ያወጣዋል።

ሚሚ ፓርከር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በካንሰር ማረፏን ለተማሪዎቹ የነገርናቸው ከ11ኛው ማዳመጥ በፊት ነው። ቀድመን ብንነግራቸው ኖሮ ከሙዚቃው በፊት ሐዘኔታው ይመጣ ነበር። ድምፅዋን በሥራው ካወቁት በኋላ ሲሰሙት ግን፣ ከሁለት ከበሮና ከሲምባል ያልበለጠ መሣሪያ ይዛ ቆማ የምትመታው ምት ሌላ ክብደት አገኘ። በዚያ ቀን ደብተሮቹ ላይ የተጻፈው ከሌላው ቀን ሁሉ ያጠረ ነው።

ደብተሮቹ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ የሚፈልግ ሊያነባቸው ይችላል። ለመጪው ዓመት በክራር ብቻ የተቀረጸ የትዝታ ስብስብ መርጠናል። ምዝገባው በመስከረም መጨረሻ ነው፤ ጋቢ ማዋስ የሚችል አባል ይዞ ይምጣ፣ የኋላውም ግድግዳ መሸፈን አለበት።