ካውንቲው ፈቀደ ማለት ማኅበሩ ፈቀደ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ከቤት ባለቤቶች ማኅበር (ኤች.ኦ.ኤ.) ጋር ሲጋጩ ደጋግመው የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፤ «ካውንቲው ፈቅዶልኛል፣ ማኅበሩ ምን አገባው?» የሚል። ይህ አስተሳሰብ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ እየበላ ስለሆነ በዚህ ዓምድ ቦታ እንዲሰጠው እጠይቃለሁ።

ካውንቲው ለዴክ (ከቤት ጋር ተያይዞ ለሚሠራ የእንጨት መድረክ) ፈቃድ ሲሰጥ የሚመለከተው የግንባታና የዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም) ደንቡን ብቻ ነው። የማኅበሩ ውል፣ ማለትም በመሬት መዝገብ የተመዘገበው ዋናው ሰነድ፣ ቀለሙን፣ ከፍታውን ወይም የእንጨቱን ዓይነት ከወሰነ የካውንቲው ወረቀት ያንን አይሽረውም፤ የተሠራው ዴክ ሊፈርስ ይችላል። ማኅበሩ ፈቅዶ የካውንቲው ፈቃድ ከሌለም ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ሁለቱም በጽሑፍ ሳይያዙ ሚስማር አይመታ። የማኅበሩን ማስቀደም ይሻላል፤ ማኅበሩ ንድፉን ካስቀየረ ለካውንቲው የገባው ፕላን እንደገና መስተካከል አለበትና።

ማኅበሩ የሚሸነፈው ከበላይ ያለ ሕግ «ይህን መከልከል አትችልም» ብሎ ሲያስረው ነው። ግልጹ ምሳሌ የሳተላይት ዲሽ ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ደንብ ስፋቱ ከ1 ሜትር የማይበልጥ ዲሽ ባለቤቱ ወይም ተከራዩ ብቻውን በሚጠቀምበት ቦታ፣ ለምሳሌ በራሱ በረንዳ ላይ፣ እንዲተከል ይፈቅዳል። ማኅበሩ ተከላውን ያለአግባብ የሚያዘገይ፣ ወጪውን ያለአግባብ የሚጨምር ወይም ሥርጭቱን የሚያሳጣ ደንብ ማስፈጸም አይችልም። የጋራ ጣሪያና የጋራ ግድግዳ ግን በዚህ ከለላ ሥር አይወድቁም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በፀሐይ ኃይል ፓነል ላይ የሁለቱም ግዛቶች መለኪያ ተመሳሳይ ነው፤ ወጪውን 5 በመቶ የሚጨምር ወይም የሚገኘውን ኃይል 10 በመቶ የሚቀንስ ገደብ ምክንያታዊ አይባልም። በቨርጂኒያ ግን የተመዘገበው ዋና ውል ራሱ ፓነል ከከለከለ ክልከላው ይጸናል።

እናቶቻችንና እህቶቻችን በብዛት የተሠማሩበት የቤት ዴይኬር (የሕፃናት ማቆያ) ላይ ደግሞ ሁለቱን ግዛቶች የሚለየውን የፖቶማክ ወንዝ መሻገር ሕጉን ይለውጣል። በሜሪላንድ «በቤት ውስጥ ንግድ ክልክል ነው» የሚል ጥቅል ድንጋጌ ዴይኬርን በስም ካልጠራ እንደ ክልከላ አይተረጎምም። በቨርጂኒያ ከለላው ቀጭን ነው፤ ካውንቲው ዴይኬርን እንደ መኖሪያ አገልግሎት ቢቆጥረውም እንኳ ማኅበሩ በዋናው ውል ሊከለክለው ወይም በመተዳደሪያ ደንቡ ሊገድበው ይችላል። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመድ የሰጠውን ምክር ይዞ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ላይ ሥራ መጀመር አደገኛ ነው።

ታክሲ ለሚነዱ ወሳኙ ጥያቄ መንገዱ የማን ነው የሚለው ነው። የቨርጂኒያ ሕግ እንደ ፌርፋክስ ያሉ ካውንቲዎች የንግድ ተሽከርካሪን ከሕዝብ መንገድ እንዲከለክሉ ሲፈቅድ፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ በተከለለ ቀጠና በየቤቱ አንድ ታክሲ ወይም ሊሙዚን እንዲቆም በስም ፈቅዷል። የታውንሃውስ (ግድግዳ ተጋርተው በተርታ የተሠሩ ቤቶች) ሰፈር ውስጥ ያለው መንገድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማኅበሩ ንብረት ነው፤ እዚያ ይህ ፈቃድ አይሠራም፣ መኪናውም ይጎተታል።

ማኅበሩም ቢሆን የራሱን ውል ማለፍ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በላውደን ካውንቲ ያለ አንድ ማኅበር ስለ በዓል መብራቶች ያወጣውን መመሪያ ሽሮታል፤ በተመዘገበው ውል ውስጥ መሠረት ስላልነበረው። ስለዚህ የቅጣት ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የተጠቀሰው ደንብ በየትኛው የውሉ አንቀጽ ላይ ቆሟል?» የሚለው ነው። የውሉ ቅጂ በካውንቲው የሰርኪዩት ፍርድ ቤት የመሬት መዝገብ ውስጥ ይገኛል።

በቨርጂኒያ ማኅበር መቅጣት የሚችለው ውሉ ወይም በአግባቡ የወጣው ደንብ ይህን ሥልጣን በግልጽ ከሰጠው ነው። አስቀድሞ በጽሑፍ አስታውቆ የማረሚያ ጊዜ መስጠት ግዴታው ነው። ጥፋቱ ካልታረመ ቢያንስ ከ14 ቀናት በፊት በእጅ ወይም በሰርቲፋይድ ሜይል ጠርቶ ቦርዱ ፊት ማድመጥ አለበት፤ ጠበቃ ይዞ መቅረብም ይቻላል። ውሳኔው በ7 ቀናት ውስጥ ይላካል። ቅጣቱ ለአንድ ጊዜ ጥፋት ከ50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት ደግሞ በቀን ከ10 ዶላር አይበልጥም፤ ያም ቢበዛ ለ90 ቀናት፣ ማለትም 900 ዶላር ነው። ከዚህ አንዱ ከተጓደለ በጽሑፍ ተቃወሙ። ወርኃዊ መዋጮውን ግን በንዴት ሳትከፍሉ አትቅሩ! ያልተከፈለ መዋጮ በቤቱ ላይ ሊን (የዕዳ መያዣ) ያስመዘግባል፣ የጠበቃ ወጪም ይደርብበታል፤ የቅጣቱ ክርክር ትክክል መሆኑ ከዚህ አያድንም።

አቤቱታ መጀመሪያ ለማኅበሩ ራሱ በጽሑፍ ይቀርባል። ውድቅ ከተደረገ በቨርጂኒያ በ30 ቀናት ውስጥ 25 ዶላር ተከፍሎ ወደ ግዛቱ የማኅበራት እንባ ጠባቂ ይኬዳል። ይህ ቢሮ የሚመረምረው የግዛቱ ሕግ መጣሱን እንጂ የማኅበሩ ውል መጣሱን አይደለም፤ «ደንቡን ጣሱ» ብቻ ብሎ የሚጻፍ አቤቱታ ይመለሳል፣ የሕጉ አንቀጽ ይጠቀስ። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪዎች ለዚሁ ጉዳይ የተቋቋመ የካውንቲ ኮሚሽን አላቸው።

ገና በግዢ ላይ ያላችሁ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሻጩ የማኅበሩን ሰነዶች ከሪሴል ሰርቲፊኬት (ለቤት ሽያጭ ስለ ማኅበሩ ከሚሰጥ የምስክር ወረቀት) ጋር ማስረከብ አለበት። ከተረከባችሁ በኋላ፣ የግዢ ውላችሁ የበለጠ ጊዜ ካልሰጠ፣ ግዢውን ያለ ቅጣት ለመሰረዝ ያላችሁ 3 ቀን ነው። ደላላችሁ ሰነዱን ኢሜይል አድርጎ «ፈርሙ» ሲላችሁ በዚያው ዕለት ስለ ዴይኬር፣ ስለ ታክሲ ማቆሚያና ስለ ዲሽ የሚለውን ፈልጋችሁ አንብቡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ