የሙዚቃና ቴአትር ክበብ፦ ያለ ማይክሮፎን የዘፈንንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን የተነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው። ጥቅምት ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ኦፔራን በራዲዮ መስማትና ቴአትር ቤት ገብቶ ማየት ምን ለውጥ አለው? ድምፁ ያው አይደል?» አለችኝ። መልሱን አልነገርኳትም። ዓመቱን ሙሉ አብረን ፈለግነው።

ኦፔራ ታሪኩ በኦርኬስትራ ታጅቦ በዘፈን የሚቀርብበት ቴአትር ነው። ጎንደር ላይ ኦፔራ ቤት የለም። ስለዚህ ከራዲዮው ጀመርን። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ትርኢቱን በመደበኛነት በራዲዮ ማስተላለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1931 በፈረንጆቹ ገና ዕለት ነው። እዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ መሽቷል። ኔትወርክ በፈቀደ ጊዜ ማታ በየቤታችን በስልክ እንሰማለን፣ ሰኞ ተገናኝተን እናወራለን። ራዲዮው ብዙ ሰጥቶናል። ዓይን ሥራ ሲፈታ ጆሮ ይነቃል። ቋንቋው ባይገባንም አስተዋዋቂው በየመሃሉ ታሪኩን ይነግረናል።

አንድ ነገር ግን ከራዲዮው አልታወቀንም። የኦፔራ ዘፋኝ የሚዘፍነው ያለ ድምፅ ማጉያ ነው። ወደ 3,800 ሰው በሚይዝ አዳራሽ፣ ኦርኬስትራው እየተጫወተ፣ በባዶ ጉሮሮው የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል። የፊዚክስ መምህራችን መጥተው አስረዱን። የሠለጠነ ድምፅ 3,000 ኸርዝ (በሰከንድ 3,000 ርግብግብ) አካባቢ ጉልበት ያገኛል። ኦርኬስትራው ደግሞ እዚያ ላይ ይሳሳል። ድምፁ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ያልፋል። ራዲዮ ላይ ግን ድምፁን ከፍና ዝቅ የምናደርገው እኛው ነን፤ የዘፋኙ ጉልበት የት ይታወቀናል?

አንድ ልጅ «እንደ ወረብ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ወረብ በራዲዮ ሲተላለፍ ከበሮውና ጸናጽሉ ይሰማል። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ቆሞ ያየ ሰው ግን መቋሚያው እኩል ሲነሳ፣ ከበሮው ደረቱን ሲመታው ያውቀዋል።

ከዚያ ራሳችን ሞከርነው። ከተረት ተነስተን ንግግሩ ሁሉ በዜማ የሆነ የ20 ደቂቃ ጨዋታ ሠራን። መጀመሪያ በዕረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ አሰማነው። ልጆቹ ኳስ እየተጫወቱ ሰሙት። ግንቦት ላይ አዳራሽ ገባን፣ ያለ ማይክ።

ልምምዱ አሳር ነበር። ከበሮው ዘፋኞቹ አጠገብ ስለነበር ድምፃቸውን ዋጠው። ኦፔራ ቤቶች ኦርኬስትራውን ከመድረኩ በታች ጉድጓድ ውስጥ የሚያስቀምጡት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባን። እኛም ከበሮና ማሲንቆ መቺዎቹን ከመድረኩ ሥር ምንጣፍ ላይ አስቀመጥናቸው። አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጭራሽ ትተን ወጣን።

የትርኢቱ ዕለት፣ እናቲቱን የምትጫወተው የ9ኛ ክፍል ልጅ ሙሾውን በጣም ዝቅ አድርጋ ጀመረች። ልምምድ ላይ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። አዳራሹ ጭጭ አለ። ወንበር የሚያንቀሳቅስ እንኳ ጠፋ። እሷም ዝምታውን የሰማችው ይመስለኛል፣ የመጨረሻውን ስንኝ ደገመችው። ማሲንቆው ተከተላት። ይህን ማናችንም አላቀድነውም። እኔ እንባዬ መጣ። የራዲዮው ዘፋኝ እኛን አይሰማንም። እዚህ ግን ስንኙን ያስደገማት ተመልካቹ ነው።

በስልክ የቀዳነውን በማግስቱ በሚኒ ሚዲያ አሰማን። ጥቅምት ላይ የጠየቀችኝ ልጅ ከድምፅ ማጉያው ሥር ቆማ አዳመጠች። ሙሾው ጋ ሲደርስ ግቢው እንደወትሮው ይንጫጫ ነበር።

«ቲቸር፣ ሰዉ ዝም ማለቱ እዚህ አይሰማም» አለችኝ።