ለልጄ፦ ስለ ካርቱን ጸሐፊነት

ውድ ልጄ፣

ለካርቱን ፊልም ታሪክ መጻፍ ሰው ዕድሜውን ሊሰጠው የሚገባ ሙያ መሆኑን ጠይቀሽኛል። መልሴ አዎ ነው፤ ለዚህም በዋርነር ብራዘርስ የካርቱን ስቱዲዮ ለረጅም ዘመን የሠራውን ማይክል ማልቲዝን አነሣልሻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1908 በኒውዮርክ የተወለደው ማልቲዝ ሙያውን የጀመረው በጸሐፊነት ሳይሆን በሥዕል ሥራ ሲሆን፣ ወደ ታሪክ ክፍል ከተዛወረ በኋላ ግን በተለይ ከዳይሬክተሩ ከቸክ ጆንስ ጋር ታላላቅ ሥራዎችን አፍርቷል። ሥዕል ማወቁ ጠቅሞታል፤ በዚያ ዘመን የካርቱን ታሪክ እንደ ቴአትር ድርሰት በገጽ ላይ ተጽፎ አያልቅም ነበርና። ጸሐፊው እያንዳንዱን ድርጊት በወረቀት ነድፎ በሰሌዳ ላይ በተርታ ይሰካል፤ ከዚያም በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ እየተወነ ይተርከዋል። ቸክ ጆንስ እንደተረከው፣ አዲስ ሐሳብ በሚቀርብበት ስብሰባ «አይሆንም» ማለት ክልክል ነበር፤ ሐሳቡን የሚያሳድግ ነገር ያለው ይናገራል፣ የሌለው ዝም ይላል። ይህን ሥርዓት እጅግ እወደዋለሁ፤ ገና ያልጠነከረ ሐሳብ በነቀፌታ ተቀጭቶ እንዳይቀር ይጠብቀዋል።

ከሥራዎቹ ሁሉ እንድታጠኚው የምፈልገው እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣውን «ዋን ፍሮጊ ኢቭኒንግ» ነው። አንድ የግንባታ ሠራተኛ ከሚፈርስ ሕንጻ የማዕዘን ድንጋይ ውስጥ የሚዘፍን እንቁራሪት ያገኝና በእርሱ ሊበለጽግ ያልማል፤ እንቁራሪቱ ግን የሚዘፍነው ለእርሱ ብቻ ነው፣ ሌላ ሰው ሲያይ እንደማንኛውም እንቁራሪት ከመጮኽ አያልፍም። ሰባት ደቂቃ ያህል በሚወስደው በዚህ ፊልም ከዘፈኖቹ በቀር አንድም ንግግር ስለሌለ፣ የሰውዬው ስስት፣ ተስፋውና ውርደቱ የሚታወቁት በድርጊቶቹ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። የጸሐፊው ችሎታ ከየትኛውም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክብሩን በተመለከተ፣ በዚያ ዘመን ለአጫጭር ካርቱኖች የሚሰጠውን የኦስካር ሽልማት የሚረከበው ፕሮዲውሰሩ እንጂ ጸሐፊው አልነበረም፤ ይህም ፍትሕ የጎደለው ነበር። ማልቲዝ እ.ኤ.አ. በ1958 ሃና-ባርቤራ ወደሚባለው የቴሌቪዥን ካርቱን ስቱዲዮ ሄዶ ለቴሌቪዥን መጻፍ ጀመረ። በዚያ በጀቱ ጠባብ፣ እንቅስቃሴውም ጥቂት ስለነበር ታሪኩን የሚሸከመው በአብዛኛው ንግግሩ ሆነ።

አንቺም የጀመርሽውን ታሪክ ንግግሩን ሁሉ አውጥተሽ በንድፍ ብቻ ላኪልኝ፤ ያልገባኝን ቦታ ምልክት አድርጌበት እመልስልሻለሁ።

እናትሽ