የኋላውን ክፍል ለምን እንደዘጋነው፣ ለምንስ እንደከፈትነው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሙቀቱን እንዴት ይዛችሁታል?

የጌም ቤታችን የኋላ ክፍል ሦስት ሳምንት ተዘግቶ መክረሙን አይታችኋል። ግማሾቻችሁ ዕቃ ተሰርቆብን መስሏችኋል። ግማሾቻችሁ ደግሞ «በርጫ ቤት ሊያደርጉት ነው» ብላችሁ አስወርታችኋል፤ ሰምተናል። አሁን ለሚያስፈራ ጌም ተከፍቷል። ግን እንደ ድሮው አይደለም። በሩ ይዘጋል፣ መጋረጃው ጥቁር ነው፣ ሄድፎን ግዴታ ነው፣ ሒሳቡም በሰዓት መሆኑ ቀርቷል። «ይሄ ሁሉ ሥርዓት ለጌም ነው እንዴ?» ላላችሁን ሁሉ ቆመን ማስረዳት ስላቃተን ይህችን ደብዳቤ ጻፍን።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ልጅ ነው። የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው፤ የኳስ ጌም ላይ የሚያክለው የለም። አንድ ቀን ቀትር ላይ መጣና «አቦ፣ ዛሬ ኳስ ሰልችቶኛል፣ የሚያስፈራ ነገር አምጡ» አለን። ያለንን ጥሩ ነገር ከፈትንለት። «ሬዚደንት ኢቭል 2»፣ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ አዲስ ተሠርቶ የወጣው። ቶሎ እንዲደሰት ብለን ከመጀመሪያው ሳይሆን እኛ ተጫውተን ካስቀመጥነው ቦታ፣ ከሴቭ አስጀመርነው። አርባ ደቂቃ ተጫወተ። ከዚያ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ሳቀ። «ይሄ ነው የሚያስፈራው? የእኛ ሰፈር ውሻ ይሻላል!»

ተናደድን። ትንሽ ቆይተን ግን የተቀመጠበትን ቦታ አየነው። በግራው አራት ልጆች «ፔናሊቲ ነው!»፣ «አይደለም!» እየተባባሉ ይጯጯሃሉ። ከራሱ በላይ ቬንትሌተሩ ይንቋቋል። በሩ ክፍት ስለሆነ ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ ታርፋለች፤ ጨለማ ነው በተባለው ኮሪደር ላይ የሚታየው የልጁ የራሱ ፊት ነው። ለኳሱ ልጆች ስንል የእሱን ቲቪ ድምፅ ዝቅ አድርገነዋል። ሻይ የምታመጣው ልጅ ደግሞ ዞምቢው አንገቱን ሊነክሰው ሲል «ስኳር ስንት ላድርግ?» ትለዋለች።

እንዲህ ሆኖ ማን ይፈራል? በር ላይ ደግሞ «ልብ ካለህ ግባ!» የሚል ትልቅ ወረቀት ለጥፈን ነበር። ያንን ወረቀት በዚያው ማታ ቀደድነው።

በአማርኛ መደንገጥና መፍራት ለየቅል ናቸው። ጌም ላይም እንደዚያው ነው። ድንጋጤ ርካሽ ነገር ነው። ጸጥ ማሰኘትና ድንገት መጮህ ብቻ ነው፤ ከበር ኋላ ተደብቆ «ባ!» የሚል ታናሽ ወንድምም ይችለዋል። ሁለተኛ ቀን ግን አይሠራም። ፍርሃት ገና ያልመጣውን መጠበቅ ነው።

ሐረር ጅብ ሲቀለብ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣብን ወስደን እናሳየው የለ? ከጁገል ግንብ ውጭ፣ መሸት ሲል። መጀመሪያ የሚመጣው ድምፁ ነው። ከዚያ ጨለማው ውስጥ ዓይን ብቻ ብልጭ ይላል። ያኔ እንግዳው ክንዳችሁን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ቀጥሎ የመኪና መብራት ይበራል፤ ጅቡ ከእንጨቱ ጫፍ ሥጋውን ወስዶ ይሄዳል፣ ሌላው ይተካል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያው እንግዳ ከጅቡ ጋር ሰልፊ ይነሳል። ጅቡ ያው ጅብ ነው፤ በደንብ ስለታየ ግን አስፈሪነቱ አለቀ።

ጌም ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1999 «ሳይለንት ሂል» ሲወጣ፣ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን አንድን ከተማ እስከ ሩቁ ድረስ በአንዴ የመሳል አቅም አልነበረውም። ሠሪዎቹ ጉድለቱን በጉምና በጨለማ ሸፈኑት። ያ ጉም የጌሙ መታወቂያ ሆኖ ቀረ። ለተጫዋቹ ደግሞ ትንሽ ሬዲዮ ሰጡት። ጭራቅ ሲቀርብ ሬዲዮዋ «ሽሽሽ» ማለት ትጀምራለች። ከየት በኩል እንደሚመጣ ግን አትናገርም።

የእኛው ልጅ ሲስቅበት የነበረው ጌምም እንደዚሁ በጆሮ የሚኬድ ነው። ሚስተር ኤክስ የሚባል ግዙፍ ሰውዬ አለ፤ ፖሊስ ጣቢያውን እየዞረ ይፈልጋችኋል። ሳታዩት ኮቴው ይሰማል። ድም፣ ድም፣ ድም። ከላይኛው ፎቅ ነው ወይስ ከጎረቤት ክፍል? ድምፁ ሲወፍር እየቀረበ ነው። እንግዲህ ልጁ ኮቴውን አልሰማም። ገና ከመጀመሪያው ያንን ጣቢያ ብቻውን ሲዞር አላመሸም፤ እኛ አሻግረነዋል። ስለዚህ ሚስተር ኤክስ ለእሱ በር ከፍቶ የገባ ባለ ኮፍያ ረጅም ሰው ብቻ ነበር። የሄድፎኑ ምክንያት ይኸው ነው። ከመሃል ሴቭ ማስጀመርም ለዚሁ ሲባል ቀርቷል፤ «ወደሚያስፈራው ቦታ አድርሰኝ» ብትሉንም አናደርስም።

ይኸው ልጅ በኋላ ተመልሶ መጣ። በሩን ዘግተን እየሞከርን ነበርና አስገባነው። ማታ ነው። «ኤሊየን፦ አይሶሌሽን»ን ሰጠነው፣ እ.ኤ.አ. የ2014ቱን። እዚያ ውስጥ የሚያሳድዳችሁ ፍጡር በምንም መሣሪያ አይሞትም። እሳት ቢተፉበት ለጊዜው ይሸሻል እንጂ ይመለሳል። አሠራሩ ደግሞ ተንኮል አለበት። ፍጡሩ ራሱ የት እንዳላችሁ አያውቅም፤ በዓይንና በጆሮው ነው የሚፈልገው። ከበላዩ ግን ሁሉን የሚያይ ሌላ ፕሮግራም አለ። አልፎ አልፎ «በዚያ በኩል ሞክር» ብሎ ሹክ ይለዋል፣ ስትጨነቁ ደግሞ ዞር ያደርገዋል። ለዚህ ነው መንገዱን ሸምድዳችሁ የማታመልጡት።

ልጁ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደበቀ። ፍጡሩ መጥቶ ቁም ሳጥኑን ሲያሸት ጆይስቲኩን ተጭኖ ትንፋሽን መያዝ ያስፈልጋል። በመጋረጃው ቀዳዳ አየነው። የራሱንም ትንፋሽ ይዟል። ማስቲካ እያኘከ ነበር፤ ቀስ ብሎ ከአፉ አውጥቶ ጠረጴዛው ሥር ለጠፈው። ድምፅ እንዳያሰማ! ማስቲካ ሲታኘክ ማንም እንደማይሰማው እያወቀ። በነገራችን ላይ ጌሙ የእውነት የክፍሉን ድምፅ የሚሰማበት መንገድ አለው፤ በፕሌይስቴሽን 4 ካሜራ በኩል ጩኸታችሁን ሰምቶ ለፍጡሩ ያሳብቃል። እኛ ካሜራው የለንም። ቢኖረንም ኖሮ በውጭ የሚያልፈው ባጃጅ ሁላችሁንም ያስበላችሁ ነበር። (ማስቲካውን በማግስቱ በቢላ ፍቀን አነሳነው። እባካችሁ ቅርጫት አለ።)

አሁን ወደ ሒሳቡ። ብዙ ያጉረመረማችሁበት እሱ ነውና።

ኳስ በጨዋታ ነው፣ ተሸናፊ ይከፍላል፤ እዚያ ላይ ምንም ጣጣ የለም። የሚያስፈራ ጌም በሰዓት ሲሆን ግን ተጫዋቹ ጭራቁን ትቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነው የሚፈራው። ብሩ እንዳይቆጥርበት ይሮጣል። የሚሮጥ ሰው ኮሪደር ጫፍ ላይ ቆሞ «ልግባ አልግባ» አይልም። ያቺ መቆም ናት ጣዕሙ። ስለዚህ አሁን ክፍያው በመቀመጫ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል አንድ መቀመጫ፣ አንድ ዋጋ። ዋጋው በር ላይ አለ፤ በቴሌብርም ይሆናል። ቀን ላይ ክፍሉ አይሠራም፣ በድሬ ቀትር በሩ ተዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ሌላ ዓይነት ጭራቅ ነው የሚገጥመው።

ሌላው የሴቭ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው «ሬዚደንት ኢቭል» እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ እንደልብ ሴቭ ማድረግ አይቻልም ነበር። ታይፕራይተር ፈልጋችሁ፣ የቀለም ሪባን ከፍላችሁ ነው። ሪባኑ ቁጥር አለው። ጥይቱም ቁጥር አለው። አንድ ዞምቢ ላይ አራት ጥይት ስታባክኑ ሆዳችሁ የሚሸበረው ለዚህ ነው፤ የምታጡት ነገር አለ። ጥይት እንደ ጉድ በሚዘንብበት ጌም ውስጥ ያው ጭራቅ ቢመጣ ደስ ይላል እንጂ አያስፈራም። ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ሁላችሁንም በአንድ ፕሮፋይል፣ ማለትም ሴቭ በሚቀመጥበት አንድ ስም፣ አጫወትናችሁ። አንዱ የሌላውን ሴቭ ደመሰሰ። የአራት ሰዓት ልፋቱ የጠፋበት ደንበኛችን ሁለት ሳምንት ሰላም አላለንም። ልክ ነው፣ ጥፋቱ የእኛ ነበር። አሁን እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ፕሮፋይል አላችሁ፣ ስማችሁም ደብተር ላይ ተጽፏል።

ጓደኛ ማስገባት አንድ ብቻ። ሰው ሲበዛ ፍርሃት ወደ ሳቅ ይዞራል። ያ አንድ ጓደኛም ጌሙን ያልጨረሰ ይሁን። «አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» የሚል ሰው ካለ ምንም ብናደርግ ዋጋ የለውም።

እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ አላችሁ። ማፈር አያስፈልግም። እነዚህ ጌሞች ውስጥ የሚገኙት ማስታወሻዎች ታሪኩም ፍንጩም ናቸው። «ሬዚደንት ኢቭል 2» ላይ የአንበሳው፣ የዩኒኮርኑና የሴቲቱ ሐውልት የሚከፈቱበት ምልክት ያለው ማስታወሻ ውስጥ ነው። ያንን ያላነበበ ሰው አዳራሽ ውስጥ ሲዞር ያመሽና «ጌሙ ይደብራል» ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ማስታወሻዎች በአማርኛ ደብተር ላይ ገልብጠናል። መልሱን አልጻፍንም፣ ትርጉሙን ብቻ።

ይህ የሚቀጥለው ለኳስ ልጆችም ነው። «ጆይስቲኩ ይዘገያል» እያላችሁ ስትነጫነጩ ሁለት ጆይስቲክ ቀይረናል። ጆይስቲኮቹ ደህና ነበሩ። ቲቪዎቹ ምስሉን ለማሳመር ሲሉ እያዘገዩት ኖሯል። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም ለአንዱ ምስል 17 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው ያለው፤ ቲቪው የራሱን ማስዋብ ሲጨምርበት እጃችሁና ስክሪኑ ይለያያሉ። ኳስ ላይ ጎል ያስገባባችኋል። የሚያስፈራ ጌም ላይ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ እጃችሁ ካልታዘዘ እዚያ ውስጥ ያለው ሰው እናንተ መሆናችሁ ይቀራል። ቅንብሩን ወደ «ጌም ሞድ» ለውጠነዋል። ይቅርታ፤ አንድ ቁልፍ ነበረች። እጅና ዓይን አንድ እንዲሆኑ ስንቱ እንደሚደከም ለማየት እ.ኤ.አ. የ2008ቱን «ዴድ ስፔስ» ሞክሩ። የጤና ልኩ ስክሪን ጥግ ላይ የለም፤ ሰውየው ጀርባ ላይ፣ የልብሱ አከርካሪ ላይ ይበራል። ከሰውየው ዓይናችሁን አታነሱም።

«አዲስ ጌም ለምን ቶሎ አታስገቡም?» ለምትሉን፦ ስለተቃጠልን ነው። ስሙን የማንጠራው አንድ ጌም በማስታወቂያው አብደን፣ ከውጭ በሰው አስመጥተን፣ በእኛ አሮጌ ማሽን ላይ እየተንቀራፈፈ አሳፍሮናል። ለማሻሻያው ብቻ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ማውረድ ነበረብን። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። «ሳይበርፐንክ 2077» እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 እንደወጣ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ እጅግ ስለተበላሸ፣ የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ በሳምንት ገደማ ከመደብሩ አንስቶት ለገዢዎች ገንዘብ መልሷል። እስከ ቀጣዩ ሰኔ አልተመለሰም። «ኖ ማንስ ስካይ»ም እ.ኤ.አ. በ2016 በቢሊየን ቢሊየን የሚቆጠሩ ፕላኔቶች ይዞ መጣ፤ ሰው ግን ተስፋ የተሰጠውን ሲፈልግ ባዶ ሆነበት። በቅጡ አብሮ መጫወት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ሁለቱም ዛሬ ተጠግነው ጥሩ ጌም ሆነዋል። አያችሁ፣ ገና ባልተነገረለት ጌም ማንም ቅር አይሰኝም። «ልብ ካለህ ግባ» የምትለዋን ወረቀት የቀደድናት ለዚህ ነው። አዲስ ጌም ስድስት ወር እናቆየዋለን። ኳሱ ብቻ በየዓመቱ ይገባል፣ እሱን ብናቆይ እንደማትምሩን እናውቃለን።

ከ18 ዓመት በታች የሆነ የኋላውን ክፍል አይገባም። የዲስኩ ሽፋን ላይም በቀይ ተጽፏል። ከዚህ በፊት ላላ ብለን ነበር። አንዲት እናት ጠዋት በራችን ላይ ቆመው «ልጄን ምን አድርጋችሁብኝ ነው ሽንት ቤት ብቻዬን አልሄድም የሚለው?» ሲሉን መልስ አጣን። አስራ ሁለት ዓመቱ ነው። እናትየውን በድጋሚ ይቅርታ እንጠይቃለን።

መብራት ከጠፋ ዩፒኤሱ (ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ሴቭ ወደሚደረግበት ቦታ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል፤ የቀረውን ጊዜ በሌላ ቀን ትጫወታላችሁ። ዩፒኤሱ ሳይገዛ በፊት አንዱ ደንበኛችን ጌሙ ውስጥ ምድር ቤት እየወረደ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ጩኸቱ ለገሃር ድረስ የተሰማ ይመስለናል። እስካሁን ከሸጥነው ፍርሃት ሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ያውም በነፃ።

መቀመጫ ለመያዝ በቀን መጥታችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ። ሐሙስና ዓርብ ቶሎ ይሞላል። የፊተኛው አዳራሽ እንደነበረው ነው፤ እዚያ እንደልባችሁ ጩኹ፣ ተሸናፊ ይከፍላል።

አክባሪዎቻችሁ፣
የጌም ቤቱ ባለቤትና ሠራተኞቹ