የሒሳብ ክበብ፦ ስኒ ሥር ያለው ዳይስ

ዘንድሮ የሒሳብ ክበባችን በዳይስ ነው የከረመው።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። የአንዱ አባላችን ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ሐዋሳ ገባ። አንዷ ደግሞ ለክረምት ዋሽንግተን አክስቷ ጋ ሄዳ እዚያው ቀረች። ሁለቱም ግን ከቴሌግራም ግሩፓችን አልወጡም። "ቲቸር፣ እኛስ?" ብለው ጻፉልኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም። ሒሳብ ያለበት፣ ከርቀትም የሚሆን ጨዋታ ስፈልግ ዱዶን መረጥኩ። በፔሩና በቺሊ የሚወደድ ጨዋታ ነው። ቃሉ በስፓኒሽ "እጠራጠራለሁ" ማለት ነው።

በስልክ እንዲህ ነው የምንጫወተው። ስድስት ተጫዋች አለ፤ ለእያንዳንዱ አምስት ዳይስ። ሁሉም በስኒ ውስጥ አናውጦ ይደፋና ለብቻው አጮልቆ ያያል። ከዚያ የመጀመሪያው "በጠቅላላው ሰባት ባለ አራት አለ" ይላል። ቀጣዩ ወይ ከዚያ ከፍ ያደርጋል፣ ወይ "ግለጥ!" ይላል። ሲገለጥ የተባለው ያህል ካለ ተጠራጣሪው አንድ ዳይስ ያጣል። ከሌለ ተናጋሪው ያጣል። ባለ አንድ የሆነ ዳይስ ጆከር ነው፤ የተጠራው ቁጥር ሆኖ ይቆጠራል። መጨረሻ ላይ ዳይስ የቀረው ያሸንፋል።

ሒሳቡ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ጆከሩ ስላለ፣ አንድ ዳይስ አራት ሆኖ የመቆጠር ዕድሉ ከስድስት ሁለት፣ ማለትም አንድ ሦስተኛ ነው። ጠረጴዛው ላይ 30 ዳይስ ካለ ወደ 10 ባለ አራት ይጠበቃል። ያንተ ስኒ ሥር ካሉት አምስት ዳይሶች አራቱ ባለ አራት ከሆኑ ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ ከቀሩት 25 ዳይሶች ወደ 8 ስለሚጠበቅ "አሥራ አንድ" ብትል እብደት አይደለም። ፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) ሲባል ፊታቸው ይጠቁር የነበሩ ልጆች ይህንን በቃላቸው ሲያሰሉ ሰምቻለሁ። ከዓመቱ ሁሉ በጣም ያስደሰተኝ ይህ ነው።

በኅዳር አንድ አባት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። "መምህር፣ ልጄ ዳይስ ይዞ ገባ። ቁማር ነው ወይ?" አሉኝ። መጠየቃቸው ትክክል ነበር። እኛም የመጀመሪያውን ደንብ ጻፍን፦ ገንዘብ የለም፣ የስልክ ካርድ የለም፣ "የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል" የሚባል ነገርም የለም። ሁለተኛውን ልጆቹ ራሳቸው አወጡት፦ በቃል ማሳሳት ጨዋታ ነው፤ ዳይሱን መነካካት ስርቆት ነው። አባትየው በቀጣዩ ቅዳሜ ከልጃቸው አጠገብ ቁጭ ብለው አዩ። ሦስተኛው ዙር ላይ "ግለጥ በለው እንጂ!" ሲሉ በስልኩ ውስጥ ሰማናቸው።

ከርቀት ስትጫወት ያልታሰበ ነገር ይበዛል። ድምፅ ይዘገያል፤ ሁለት ሰው እኩል "ግለጥ!" ይላል። ስለዚህ መጠራጠር የሚችለው ተረኛው ብቻ ሆነ። ተራው በስማችን የመጀመሪያ ፊደል፣ ከሀ ጀምሮ ነው። የተነገረው ቁጥር ሁሉ ግሩፑ ላይ ይጻፋል፤ ክርክር ቢነሳ የሚታየው ጽሑፉ ነው። ማን እንደሚጀምር የምንለየው በቴሌግራሙ ዳይስ ነው፤ ቁጥሩን የሚያወጣው ሰርቨሩ ስለሆነ የማንም እጅ የለበትም። ልኮ ያጠፋ መጨረሻ ይሆናል።

ሐዋሳ ያለው ልጅ ከሉዶ ያገኘው ሁለት ዳይስ ብቻ ስለነበር ሦስቱን ከሳሙና ቀረጸ። እያንዳንዱን 60 ጊዜ ወርውሮ ውጤቱን እንዲልክ ጠየቅነው። እያንዳንዱ ቁጥር ወደ 10 ጊዜ መምጣት ነበረበት። አንደኛው ዳይስ ስድስትን አበዛ፤ ጣለውና ሌላ ቀረጸ።

ትልቁ ጥያቄ ግን መተማመን ነበር። ስኒው የሚገለጠው ሌላ ከተማ ወይም ውቅያኖስ ተሻግሮ ከሆነ፣ ዳይሱ እንዳልተቀየረ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ ዳኛ አቆምን። የመጀመሪያው ቁጥር ከመጠራቱ በፊት ሁሉም የዳይሱን ፎቶ ለዳኛው ብቻ በውስጥ መስመር ይልካል። ጥሩ ሠራ። ከዚያ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ "ዳኛውንስ ማን ይዳኘዋል?" አለች። ያን ቀን ጨዋታ ቀረ። ማኑኤል ብሉም የተባለው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 የማይተማመኑ ሁለት ሰዎች በስልክ እንዴት ሳንቲም እንደሚጥሉ ማሳየቱን ነገርኳቸው። ቀለል አድርገን ሞከርነው። አንዱ ሁለት ወይም ሦስት ፕራይም ቁጥሮች (በአንድና በራሳቸው ብቻ የሚካፈሉ) አባዝቶ ውጤቱን ብቻ ይልካል። ሌላው "ሁለት ናቸው" ወይም "ሦስት ናቸው" ብሎ ይገምታል። ከዚያ ፕራይሞቹ ይገለጣሉ። አንድ ቁጥር በፕራይም የሚበተነው በአንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ ላኪው ሐሳቡን መቀየር አይችልም። 8633 ላክንላቸው፤ ካልኩሌተር ይዘው 89 ሲባዛ በ97 መሆኑን ወዲያው ደረሱበት። ያኔ ቁጥሩ ለምን ረጅም መሆን እንዳለበት ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ሰዓቱም አንድ ጊዜ ሸወደን። ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት ስንጀምር ዋሽንግተን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነበር። በኅዳር ግድም አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሱ፤ ልጅቷ በለመደችው ሰዓት ስትገባ እኛ ጨርሰን ነበር። አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው የአዲስ አበባ ሰዓት ብቻ ነው።

የሰኔው የመጨረሻ ጨዋታ ላይ፣ ሐዋሳ ያለው ልጅ "አምስት ባለ ሁለት" ብሎ ገና "ግለጥ!" ሲባል መብራት ሄደ። ደንባችን ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ያልተመለሰ ዳይስ ያጣል ይላል። ዳኛዋ ፎቶውን ከፈተች፤ ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ልክ አምስት ነበር። አንድ ሰዓት ተከራከሩ። በድምፅ ብልጫም ደንቡን አሻሻሉት፦ ባለቤቱ ከሌለ ፎቶው ይናገርለታል። ልጁ መብራት መጥቶ ሲገባ ዳይሱ እንዳለ ጠበቀው።

የደንቡ ደብተርና ዳይሶቹ የሒሳብ ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። በመስከረም የሚመዘገብ አዲስ አባል መጀመሪያ ደብተሩን ያንብብ፤ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው።